ስሙ ያለው ብልቃጡ ውስጥ ነው

ባዮሎጂ እየተማራችሁ ዲ ኤን ኤ ላይ መሥራት ላማራችሁ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በእንስሳት ናሙና መሀል ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እስያዎቹ ትናንሽ እንቁራሪቶች፣ ስለ ማይክሮሃይላ ነው። ብዙዎቹ ከ3 ሴንቲ ሜትር አያልፉም። ሰውነት ሲያንስ አንዱን ከሌላው የሚለየው ምልክትም አብሮ ይደበዝዛል። በዓይን ብቻ ካያችኋቸው ትሳሳታላችሁ።

ማይክሮሃይላ ኦርናታ የሚባለው ስም ከህንድ እስከ ታይዋንና የጃፓን ደቡብ ደሴቶች ድረስ ላሉት ሁሉ ሲሰጥ ኖሯል። በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ጃፓናዊው ተመራማሪ ማሳፉሚ ማትሱይና ባልደረቦቹ የሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤያቸውን፣ ማለትም ከሴሉ ኒውክለስ ውጭ ያለውን ዲ ኤን ኤ፣ አነጻጸሩ። የደቡብ እስያው ሌላ፣ የምሥራቁ ሌላ፣ የጃፓን ደቡብ ደሴቶቹ የሪዩኪዩዎቹም ሌላ ሆነው ተገኙ። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አዲስ ስም ማውጣት አላስፈለገም። ለምሥራቁ ፊሲፔስ የሚለው ስም ከ1884፣ ለሪዩኪዩው ኦኪናቨንሲስ የሚለው ደግሞ ከ1901 ጀምሮ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

የቦርኒዮውም ታሪክ አለ። በ2010 በቦርኒዮ ደሴት ካለችው የማሌዥያ ግዛት ከሳራዋክ አንዲት እንቁራሪት እንደ አዲስ ዝርያ ተመዘገበች። ወንዱ 13 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንቁላሏን የምትጥለው ነፍሳት አጥምዶ በሚመገብ፣ ቅጠሉ እንደ እንስራ ውኃ በሚይዝ ተክል ውስጥ ነው። ኔፔንቲኮላ ተባለች። በዓመቱ ማትሱይ በ1928 ቦርኒየንሲስ የሚለው ስም የወጣበትን ናሙና ሲመረምር፣ ለካ ይህችው እንቁራሪት ናት! ስሟ ወደ ቦርኒየንሲስ ተመለሰ። እስከዚያ ቦርኒየንሲስ ስትባል የኖረችው ሌላዋ ደግሞ ማላንግ የሚል አዲስ ስም ወጣላት።

ዲ ኤን ኤ ዘመድና ባዳውን ይለይላችኋል። ስሙን ግን አይነግራችሁም። ስሙ የተጣበቀው ሙዚየም ውስጥ፣ መጀመሪያ ስም የወጣለት ናሙና ካለበት አሮጌ ብልቃጥ ላይ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ ተነሱና ብልቃጡን ክፈቱ፣ የድሮውን ጽሑፍ አንብቡ። በ2021 ናኖሃይላ የተባለው ወገን ከማይክሮሃይላ ተለይቶ ሲወጣም ዲ ኤን ኤው የተነበበው ከአጥንት የራጅ ምስል ጋር ነው።

የሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ የሚወረሰው ከእናት መሆኑንም አትርሱ። ሁለት ዝርያዎች ድሮ ተዳቅለው ከነበረ ያሳስታችኋል። የኒውክለሱንም ጂን አንብቡ። ወንዱ ሲጮህ ድምፁን ቅረጹ።

ወጣት ሳለሁ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ከእንቁራሪቷ ጡንቻ ቆርጬ አልኮል ውስጥ ከተትኩ። ናሙና እንዳይበሰብስ የሚቀመጥበት ኬሚካል፣ ፎርማሊን፣ ዲ ኤን ኤውን እንደሚያበላሸው አውቅ ነበርና እዚያ ላይ አልተሳሳትኩም። መለያውን ግን በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ዲ ኤን ኤው ጥርት ብሎ ወጣ። ወረቀቱ ግን ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ቀለሙ በአልኮሉ ታጥቧል። ከየትኛው ኩሬ እንደመጣች ማን ይንገረኝ? ያ ሁሉ ሥራ ለምንም ሳይውል ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በእርሳስ ጻፉ፣ ልጆቼ። እርሳስ አልኮል ውስጥ አይለቅም።