ሲያነክስ አይቼው ነበር

ባለፈው ሳምንት ማታ ላይ ስልኬ ጠራ፣ ድሮ ተስፋ ቡድን ውስጥ ያሰለጠንኩት ልጅ ነው። አሁንማ ልጅ አይባልም፣ 33 ዓመቱ ነው፣ ቀኝ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆኗል፣ የግራ ታፋው ደግሞ በየሁለት ወሩ ይሸመቅቀዋል። ክለቡ "መጫወቱን ተውና ከ20 ዓመት በታቹን ቡድን በምክትልነት ያዝልን" ብሎታል፣ ደሞዙ ግን አሁን ከሚያገኘው ግማሽ አይሞላም። "ኮች፣ ላቁም ወይስ አንድ ዓመት ልጨምር?" አለኝ። ነገ እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁት። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ሌላ ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይሄን ለሱም ለናንተም ነው የምጽፈው።

1994 ዓ.ም ነው። እኔ 34 ዓመቴ፣ የግራ ፉልባክ፣ ማለት የግራ መስመር ተከላካይ ነበርኩ። ያኔ ተመላላሽ ምናምን የሚባል ነገር የለም፣ ከመሃል ሜዳ ካለፍክ አሰልጣኙ ከነዘር ማንዘርህ ነው የሚሰድብህ። ጉልበቴ አልቆ ነበር። ጠዋት ከአልጋ የምነሳው ግድግዳ ይዤ፣ ደረጃ የምወርደው በጎኔ፣ ሽንት ቤት ቁጢጥ ካልኩ በሩን ይዤ ካልሆነ መነሳት የለም። ሜዳ ላይ ግን ማንም አያውቅም። መደበቅ ላይ ፕሮፌሰር ነበርኩ። ስናሟሙቅ ካመመኝ ጎንበስ ብዬ የታኬታዬን ክር እፈታለሁ፣ አስራለሁ፣ ደግሞ እፈታለሁ። አሰልጣኙ የሚያየው ጫማ የሚያስር ሰው ነው፣ የታመመ ሰው አይደለም። ከዛ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ዲክሎፌናክ ቂጤ ላይ እወጋና 90 ደቂቃ እንደ ጎረምሳ እሮጣለሁ፣ ማታ አለቅሳለሁ። መርፌው እኮ ህመሙን ዝም ያሰኘዋል እንጂ የተቀደደውን አይሰፋም፣ አንተ ምንም አልተሰማኝም እያልክ ስትሮጥ ውስጡ መፈጨቱን አላቆመም። ይሄን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ኤምአርአይ የሚባለውን በስምም አልሰማንም፣ የኛ ሕክምና ወጌሻው፣ በፌስታል የተቋጠረ በረዶና ሰኞ ሰኞ ፍል ውሃ ነበር።

ፍል ውሃን ካነሳሁ አይቀር፣ እዛ ወረፋ ላይ ሁሌ የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ ስታዲየም ነበርኩ ይላሉ። ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የዛን ቡድን ተጫዋቾች፣ ሉቺያኖን፣ መንግሥቱ ወርቁን ያወሩልሃል፣ ከዛ ዞር ብለው ጉልበትህን ያዩና "እናንተ ደግሞ ሳትጫወቱ ነው የምትታመሙት" ይሉሃል። እንናደድ ነበር። አሁን ሳስበው እኔም ለዘንድሮ ልጆች ያንኑ ነው የምለው።

በዛ ዓመት ክለቡ "ተጫዋችም ምክትል አሰልጣኝም ሁን" አለኝ። ደስ አለኝ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፣ እኔ እንዲያውም የነበረኝ አንድ ተኩል ነው። በኔ ቦታ የ19 ዓመት ልጅ መጣ፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲሮጥ ክንዱን ሰውነቱ ላይ የሚለጥፍ። ቋሚው እሱ፣ ተቀያሪው እኔ፣ የሚያሰለጥነውም እኔ። ጋሼ ነበር የሚለኝ።

ድሬዳዋ ላይ ጨዋታ ነበረን፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። የማሟሙቃቸው እኔ ነኝ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ክሩን አሰረ። ዝም አልኩ። ሁለት ዙር ሮጡ፣ አሁንም ጎንበስ አለ። በሦስተኛው ቀና ሲል አየኝ፣ እኔም አየሁት። የራሴን ፊርማ ሌላ ሰው ሲፈርም የያዝኩት ነው የመሰለኝ። ከዛ ለአራት አምስት እርምጃ አነከሰ፣ ወዲያው አስተካከለው።

ዋናው አሰልጣኝ መጣና "የግራው ልጅ እንዴት ነው? ሐሙስ ጉልበቱን ይዞ አይቼዋለሁ" አለኝ።

"ደህና ነው" አልኩት።

ለብዙ ዓመት "ልጁ መጫወት ፈልጎ ነው፣ ዕድሉን ልዝጋበት እንዴ?" እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። ውሸት ነው። እሱ ካልገባ የምገባው እኔ ነኝ፣ በዛ ፀሐይ፣ በዛ እንደ ሲሚንቶ በደረቀ ሜዳ፣ መርፌም ሳልወጋ 90 ደቂቃ ፈራሁ። በቃ እሱ ነው ነገሩ። የኔን ጉልበት በሱ ጉልበት አዳንኩት።

ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ነው፣ ማንም አልነካውም። ኳስ ሊመልስ ዞረ፣ ታኬታው መሬት ነከሰ፣ ሰውነቱ ሲዞር እግሩ ባለበት ቀረ። አልጮኸም። ቁጭ ብሎ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ የሚያየው ወደ ወጌሻው ሳይሆን ወደ እኔ ነው። እኔ ገባሁ፣ 1 ለ 1 ወጣን፣ ስወጣ ሰዎች "ሽማግሌው ዛሬም አለ" እያሉ ትከሻዬን መቱኝ።

በነጋታው አውቶቡስ ላይ የኋላ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፣ ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጧል፣ በረዶው ፌስታል ቀዳዳ ነበረውና ውሃው በወንበሮቹ ስር እየወረደ እኔ ጫማ ድረስ መጣ። እግሬን አንስቼ ተቀመጥኩ። አዋሽ ላይ ለምሳ ስንወርድ እሱ ቀረ። ጥብስ በዳቦ አስጠቅልዬ ወሰድኩለት። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ደግሞ እኮ ለሁለት ሳምንት ነው" አለኝ። ለሁለት ሳምንት! ዛሬ ብሆን ዞሮ የተበጠሰ፣ ያንኑ ቀን ያበጠ ጉልበት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ መሃል ላይ ያለው ጅማት ነው፣ ኤሲኤል የምትሉት። ያኔ ወጌሻ አሸው፣ ጠበል ሄደ፣ ከሦስት ወር በኋላ ልምምድ ጀመረና ቀጥ ብሎ ሲሮጥ ደህና ሆኖ ዞር ሲል ጉልበቱ ከዳው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ክለቡ አላደሰለትም። አሁን ባለ ሱቅ ነው፣ ሰፈሩ ሳልፍ ለስላሳ ሳያስጠጣኝ አይለቀኝም፣ ስለዛ ቀን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ልምምድ በሰዓት ድረሱ፣ ብሉ፣ ተኙ የሚለውን አልነግራችሁም፣ እናታችሁም ትነግራችኋለች። እኔ የምለው መጫወትና ማሰልጠን ላይ ግማሽ ግማሽ አትሁኑ ነው። ተጫዋች ሆኖ የሚያሰለጥን ሰው ልጆቹን የሚያየው እንደ ተፎካካሪ ነው፣ ባያውቀውም። ጀርመናዊው አሰልጣኝ ቶማስ ቱኸል በጉልበቱ ምክንያት ገና በ20ዎቹ አጋማሽ ነው ያቆመው። ሌላው ጀርመናዊ አሰልጣኝ ናግልስማን ደግሞ በ20 ዓመቱ፣ ያውም አውግስቡርግ ሁለተኛ ቡድን የቱኸል ተጫዋች ሆኖ። ቱኸል ተጋጣሚ እንዲያጠናለት ላከው፣ ልጁ እ.ኤ.አ. በ2016 በ28 ዓመቱ የሆፈንሃይም ዋና አሰልጣኝ ሆነ። እነዚህ ሰዎች አንዴ ካቆሙ በኋላ የማንንም ቦታ አልፈለጉም። አይ፣ ጀርመን ነው፣ እኛ ጋ ቤት ኪራይ አለ፣ ገባኝ። ግን የካፍ ሲ ላይሰንስ፣ የአሰልጣኝነት ፈቃዱ ኮርስ ሲመጣ ገና እየተጫወታችሁ ግቡ፣ ጉዳት ላይ ሆናችሁ ቤት ከምትቀመጡ።

የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ይገርሙኛል። ፀጉር ከጨዋታ በፊት፣ ስልክ ከጨዋታ በኋላ፣ ትንሽ ሲጠብቃቸው "ኮች ጡንቻዬ" ብለው ይወጣሉ። እኛ እንዲህ አልነበርንም እላለሁ፣ ከዛ ያ ፌስታል ትዝ ይለኝና አፌን እይዛለሁ። ልጁ አመመኝ ሲል ስንፍናም ይሁን እውነት ቢያንስ ተናግሯል። እኔን የሚያስፈራኝ የማይናገረው ነው። ለዛ ነው ልምምድ ላይ ኳሱን ትቼ ጫማ የሚያስረውን የማየው።

ለዛ "ላቁም ወይ" ላለኝ ልጅ በነጋታው ደወልኩለት። አቁም አልኩት፣ ከሁለተኛው ኦፕራሲዮን በኋላ 9 ወር እንኳን ሳትሞላ እኮ ነው የተመለስከው አልኩት። ዝም አለና "አንተ ብትሆን ታቆም ነበር?" አለኝ። አላቆምም ነበር፣ ያኔ አንድ መርፌ ቢጨምሩልኝ አንድ ዓመት እጫወት ነበር፣ እውነቱን ነገርኩት። ሳቀ። ማክሰኞ የኔን ልምምድ መጥተህ እይ፣ ታኬታህን ግን ቤት ተው አልኩት።

ማክሰኞ በሰዓቱ መጣ፣ ስሊፐር አድርጎ፣ ትከሻው ላይ ቦርሳ አንግቷል። ሲቀመጥ ቦርሳው ወንበሩን ሲነካ ቀጭ አለ። የታኬታ ብረት ድምፅ አይጠፋኝም። ልጆቹ መሀል ባልገባ ጀምረዋል፣ እሱ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው፣ እኔን አያየኝም።

"ቦርሳህን ክፈት" አልኩት።