መልስ፦ የገፈርሳ ዝይዎች ፎቶ ላይ ጥቁር ሆነው ለምን ይወጣሉ?

ካሜራህ አልተበላሸም። ከአዲስ አበባ አጠገብ ባለው የገፈርሳ ግድብ ያነሳሃቸው ዝይዎች ጥላ ብቻ ሆነው የወጡብህ ከኋላቸው ያለው ውሃ ስለሚያብረቀርቅ ነው። ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ወፉንም ጨምሮ ሁሉንም ያጨልመዋል። እንዲህ አድርግ፦

1. የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልገህ ወደ +1 አድርገው። አሁንም ከጠቆረ ትንሽ ጨምር።

2. ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ። ጠዋት በምሥራቁ ዳር፣ አመሻሽ ላይ በምዕራቡ ዳር ቁም። እውነቱን ለመናገር ይሄ ከቁልፉም ይበልጣል። እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ ቡናህን ብትጠጣ ይሻልሃል።

ነጭ ሳቢሳ ከጠቆር ያለ ሣር ፊት ቆሞ ካገኘህ ግን ተቃራኒውን አድርግ፤ ወደ −1 ካላወረድከው ላባው ነጭ ወረቀት ይሆናል።

እዚያው ገፈርሳ የምታገኘው ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የለም። ቆሞ ሲያዩት ግን ቡናማ ነገር ነው፤ አንገቱን ጀርባው ላይ አጋድሞ ዝም ይላል። ሰማያዊው ደምቆ የሚታየው ክንፉን ሲዘረጋ ነው። የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/1600 ሰከንድ ላይ አድርገህ ታገስ። በራሱ ጊዜ ይነሳል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ካሜራ የያዘ ሰው ሲያዩ አንዳንድ እረኛ ልጆች «እናስነሳልህ?» ብለው ድንጋይ ያነሳሉ። ለመርዳት ብለው ነው፣ አትቆጣቸው፤ ግን ቶሎ ብለህ እንቢ በል። የተባረረ ወፍ ጀርባውን ሰጥቶህ ስለሚሄድ ፎቶውም አይረባም፤ ጫጩት ካለው ደግሞ ጥሎት ይበራል። ይልቅ ካሜራውን ስጣቸውና በሌንሱ ይዩት፤ ከዚያ በኋላ ወፉ የት እንደሚውል እነሱው ያሳዩሃል።