መልስ፦ በክረምት አልዘጋ ስላለ ደንበኛ ቅሬታ ያቀረበበት የዋንዛ በር

ለደንበኛው በሩን ልቀይርለት ወይስ ላስልገው ብለሃል። አትቀይርለት፤ ቸኩለህም አታስልገው። እንጨቱ እርጥበት ስቦ በወርዱ አብጦ ነው። አሁን ካስላግከው በበጋ ሲደርቅ ክፍተት ይፈጥራል።

1. በሩን ከማጠፊያው አስፈትተህ የላይና የታች ጠርዙን እይ። ፊቱ በቫርኒሽ እያበራ የታችኛው ጠርዝ ጥሬ እንጨት ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ውሃ የሚጠጣው በዚያ ነው።
2. ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ጠርዞቹን ሁሉ ቫርኒሽ አስቀባ።
3. ያኔም ካልዘጋ በማጠፊያው በኩል ጥቂት ይላግ። በቁልፉ በኩል ከተላገ የቁልፉ ቦታ ይበላሻል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ልስኑ ገና ላልደረቀ ቤት በር አታስረክብ። ደንበኛው ቢቆጣም እኔ ሱቅ ውስጥ አቆይለታለሁ። ከእርጥብ ግድግዳ አጠገብ የተገጠመ በር፣ እንጨቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ይጣመማል፤ የተጣመመውን ደግሞ መላጊያ አያቃናውም።