የተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ለምትማሩ የወሎ ልጆች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በደንና በዱር እንስሳት ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዛፍ ስም ማጥናቱም ካርታ ማንሳቱም ይለመዳል። ከባዱ ትምህርት ቅሬ ላይ፣ ማለት በመንደሩ የለቅሶና የመረዳጃ ማኅበር፣ ተቀምጦ ማዳመጥ ነው፤ ሥልጠናዎቻችን ደግሞ ለእሱ የሚሰጡት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

አቡነ ዮሴፍን ተመልከቱ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ የላስታ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ሁሉ ቢቆጠር 500 የማይሞላ እንስሳ። ምግቡ አይጥ ነው፤ አይጡ የሚጠለለው ጓሳ በሚባለው የደጋ ሣር ውስጥ ነው፤ ጓሳው ደግሞ የገበሬው ቤት ክዳንና ገመድ ነው። እንግዲህ ጓሳው መቼ ይታጨድ፣ ከብቱ መቼ ይግባበት የሚለው የሽማግሌዎች ክርክር ቀበሮውንም ይመለከታል። አጫጆቹን ጠይቁ። ሴቶቹን ለብቻቸው ጠይቁ፤ እንጨቱንና ውኃውን የሚያመጡት እነሱ ሆነው ሳለ በስብሰባ ላይ ከኋላ ይቀመጣሉ።

ቀበሮውን በጅምላ የሚጨርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ የሚተላለፍበትም ከመንደር ውሻ ነው። ለማስከተብ እረኛው ውሻውን በእጁ ይዞ ሊያቀርብላችሁ ይገባል። ለማያውቀው ሰው ማን ይህን ያደርጋል? ስለዚህ ክትባቱ ከመምጣቱ አስቀድማችሁ ለቅሶ ድረሱ፣ ቡና ጠጡ፣ የልጆቹን ስም እወቁ።

ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በእህል ክፍያ የወሎ ተራሮች እርከን ተሠራባቸው፣ ችግኝ ተተከለባቸው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ደን ተመነጠረ። ገበሬው ዛፍ ጠልቶ አልነበረም፤ «የእኔ ነው» የሚያሰኘው ምክንያት ስላልተሰጠው ነው። በ2010 የወጣው የደን አዋጅ የማኅበረሰብ ደንን በሕግ ያውቃል። አዋጁን አንብቡት፤ «የተከልኩትን ዛፍ ብቆርጥ ማን ይከሰኛል?» ብሎ ለሚጠይቃችሁ አባት ሳትደናገሩ መመለስ እስክትችሉ አንብቡት።

የመመረቂያ ጥናታችሁን በቦረና ሳይንት ወይም በየጎፍ ደን ስትሠሩም፣ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ለመምህር ከማስረከባችሁ በፊት ወደ ሰዎቹ ተመልሳችሁ ውጤቱን በአማርኛ ንገሯቸው። «እንዲህ አይደለም» ካሏችሁ የተናገሩትን ጽፋችሁ ያዙና ጥናቱ ውስጥ አስገቡት።