ልተርትረው ወይስ ልተወው? የእጅ ሥራ ጥያቄዎቻችሁ

በአዳማ ሙቀት ሹራብ የሚሠራ ሰው አለ ወይ እያሉ የሚስቁብን አሉ። አለ እንጂ! ሹራቡ አሰላ ላሉ ቤተሰቦች ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ለሚማር ልጅ ይላካል፣ ለአራስ ጥየቃ ይያዛል። ዳንቴሉ ደግሞ እዚሁ ሶፋውና ረከቦቱ ላይ ይቀራል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ አጀማመር የሚጠይቅ አንድም የለም። ሁሉም ተጀምሮ ስለተበላሸ ወይም አልቆ ስላላለቀ ሥራ ናቸው። መርጬ ልመልስ።

እትዬ፣ ለልጄ በምሠራው ሹራብ ላይ 20 መደዳ ያህል ዝቅ ብሎ አንዲት የክር ቀለበት ከመርፌ አምልጣ አገኘኋት። እስከዚያ ድረስ ልተርትረው? እጄ እምቢ አለኝ። (ከፍራንኮ ሰፈር)

መተርተሩን ለጊዜው ተዪው የኔ እናት። መጀመሪያ ያመለጠችውን ቀለበት በመርፌ ቁልፍ ያዢያት፣ ከዚያ በታች እንዳትወርድ። ቀጥሎ ከእሷ በላይ ያለውን ቦታ ወደ ብርሃን ይዘሽ እዪው።

እንደ መሰላል የተጋደሙ ክሮች ከታዩሽ ዕድለኛ ነሽ። ኪሮሽሽን ከፊት በኩል ቀለበቷ ውስጥ አስገቢ። ከበላይዋ ያለውን የመጀመሪያ ክር ያዢና በቀለበቷ ውስጥ ሳቢው። አዲስ ቀለበት ወጣ። ሁለተኛውን ክር እንዲሁ፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። አንድም ክር እንዳትዘልዪ ብቻ። ላይ ስትደርሺ መርፌው ላይ ትመልሻታለሽ፣ ማንም አያውቅም።

መሰላሉ ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው። ቀለበቷ ያመለጠችው ያኔውኑ ነው፤ አንቺም ሳታውቂ አንድ ቀለበት አጉድለሽ ስትሠሪ ቆይተሻል ማለት ነው። በላይዋ ትርፍ ክር ስለሌለ በግድ ብታወጫት ጎረቤቶቿን ትጎትትና ቦታው ይጨማደዳል። እንግዲህ የት ቦታ ናት? ብብት ሥር ወይም ጎን ላይ ከሆነች ከዚያው ክር ቁራጭ ወስደሽ ከጀርባ በኩል አጥብቀሽ ስፊያት። ላይኛው መደዳ ላይ አንድ ቀለበት ጨምሪና ቀጥዪ። ደረት ላይ ከሆነች ግን ተርትሪው። ልጁ አያያትም፤ አንቺ ግን ሹራቡን ባለበስሽው ቁጥር ዓይንሽ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስትተረትሪም መርፌውን ነቅለሽ ዝም ብለሽ እንዳትጎትቺ። ከስሕተቱ በታች ካሉት ደህና መደዳዎች አንዱን ምረጪ። ቀጭን፣ ለስላሳና ቀለሙ የተለየ ክር በስፌት መርፌ በሁሉም ቀለበቶች ውስጥ አሳልፊ። መተርተሩ እዚያ ሲደርስ ይቆምልሻል። ቀለበቶቹን ወደ መርፌው ስትመልሻቸው የእያንዳንዳቸው ቀኝ እግር ከፊት ይሁን፤ አለዚያ ጠማማ መደዳ ይወጣሻል። የተተረተረው ክር ተጠማዞ ነው የሚወጣው፤ በዚያው ከሠራሽበት ይጎረብጣል። የወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሚው፣ አራት ቦታ ላላ አድርገሽ እሰሪው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ ከዚያ አንጠልጥለሽ አድርቂው። በእኛ ሙቀት ቶሎ ይደርቅልሻል።

አባቴ የሚኖረው አሰላ ነው። በመመሪያው ልክ የሠራሁለት ሹራብ ሁለት ሰው ያስገባል። ቀለበቱን በደንብ ቆጥሬ ነው የጀመርኩት። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ቆጠራሽስ ልክ ነው። መመሪያውን የጻፈው ሰው እጅ ግን ካንቺ እጅ ይጠብቃል። መመሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ 22 ቀለበት ይላል እንበል። ለ100 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ 220 ቀለበት ያስጀምርሻል። አንቺ እጅሽ ላላ ያለ ሆኖ በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ብቻ ከወጣሽ፣ ያው 220 ቀለበት 110 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለት ቀለበት ምንም አይመስልም፤ ሹራቡ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ቁጥር ይለውጣል።

ስለዚህ ናሙና። አውቃለሁ፣ ማንም አይወደውም። ቢሆንም 15 በ15 የሚያህል ቁራጭ ሥሪ፣ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ከዚያ መሃሉን ለክተሽ ቁጠሪ። ጠርዙ ላይ አትለኪ፤ ጠርዝ ይዋሻል። የቀለበቱ ቁጥር ከመመሪያው ካነሰሽ ቀጭን መርፌ ውሰጂ፤ 4 ቁጥር የነበረውን በ3.5 ቀይሪው። ወይም መርፌውን ሳትቀይሪ ሒሳቡን ቀይሪ፤ በእጅሽ ልክ 200 ቀለበት ይበቃሽ ነበር።

የተሠራውስ? ሙቅ ውሃ ያጠበዋል የሚሉሽን አትስሚ። ክሩ አክሪሊክ ከሆነ አይጠብም። የበግ ሱፍ ከሆነ ይጠባል፤ ግን የሱፍ ፀጉር በላዩ ላይ ጥቃቅን ቅርፊት አለው። በሙቀትና በማሸት እርስ በርሱ ይጠላለፍና ወፍሮ፣ ደርቆ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ አይመለስም። እኔ ብሆን አልተረትረውም። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት አባትሽ ከሥር ሌላ ሹራብ ይደርቡበታል። ቀጣዩን በልካቸው ትሠሪላቸዋለሽ።

ልጄ፣ የረከቦት ዳንቴል ጀምሬ ጠርዙ እየተወዛወዘ አልተኛ አለኝ። ብተኩሰው፣ ስታርች ብነክረው ያው ነው። ዓይኔ ደክሞ ይሆን? (ከፖስታ ቤት አካባቢ፣ እናት)

ዓይንዎ ደህና ነው እማማ። ዳንቴሉ ላይ ቀለበት በዝቶበት ነው። ክብ ሥራ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ በየዙሩ የሚጨመረው ልክ አለው። ኪሮሹ ላይ ክር ሳይጠመጥሙ የሚሠሩት አጭሩ ከሆነ በየዙሩ 6 ይጨምራሉ። አንድ ጊዜ ጠምጥመው የሚሠሩት ረጅሙ ከሆነ 12። ከዚያ ከበለጠ ጠርዙ ይወዛወዛል። ካነሰ ደግሞ መሃሉ ጎድጉዶ ወደ ቆብነት ይሄዳል። ዳንቴሉን ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉትና ከመሃል ወደ ውጭ በጣትዎ እየዳሰሱ ይሂዱ። መወዛወዝ የጀመረበትን ዙር ጣትዎ ያገኘዋል። እስከዚያ ይተርትሩት፤ ስታርች የቀለበት ብዛት አያርምም።

ስለ ስታርች ከተነሣ አይቀር፦ በስኳር ውሃ የምታደርቁ ሰዎች፣ ለረከቦት ዳንቴል ባይሆን ይሻላል። ያማረ ይደርቃል፣ አልክድም። ጉንዳኑ ግን ከቡናው ቀድሞ ይደርሳል።

ግማሽ ላይ ክር አለቀብኝ። ያው ሱቅ፣ ያው ቁጥር ገዛሁ፤ ቀለሙ ግን ልዩነት አለው። ሻጩ አንድ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የቀለሙ ቁጥር አንድ ነው፣ የተነከረበት ጊዜ ግን ይለያያል። የክሩ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የንክሩን ተራ የሚለይ ቁጥር ታትሞ ታገኛለሽ። ሁለቱም ሲገጥሙ ነው አንድ የሚሆነው። ወረቀቱ ተቀዶ ከሆነ ክሮቹን ይዘሽ ከሱቁ በር ውጪ ውጪና በፀሐይ ብርሃን አስተያያቸው። የሱቅ መብራት አይታመንም።

አሁን ላለሽበት፣ ሁለቱን ጥቅሎች እያፈራረቅሽ ሥሪ፤ ሁለት መደዳ በአሮጌው፣ ሁለት መደዳ በአዲሱ። ልዩነቱ ይበተንና ዓይን አይለየውም። አሮጌው ክር ጨርሶ አልቆ ከሆነ አዲሱን ለእጅጌው ጫፍና ለአንገቱ አውዪው። እዚያ ላይ ሲሆን ታስቦበት የተደረገ ይመስላል። ቀጣይ ጊዜ ግን አንድ ጥቅል አስተርፈሽ ግዢ።

የአክሪሊክ ሹራብ ከጨረስኩ በኋላ በካውያ ተኮስኩት። ልፍስፍስ ብሎ ቀረ። ይመለሳል?

አይመለስም። አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው፤ ካውያ ሲነካው ይለሰልስና መንጠሩን ያጣል። ቅርጽ ለማስያዝ ውሃ ይበቃል፤ አርጥበሽ፣ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ፣ በልኩ አስተካክለሽ እንዲደርቅ መተው ነው። ገመድ ላይም አትስቀዪው። ውሃ የጠጣ ሹራብ በራሱ ክብደት ይረዝማል። በዚያ ላይ የአዳማ ነፋስ አለ፤ ከከተማው ዳር ያሉትን ተርባይኖች የሚያሽከረክር ነፋስ ለእርጥብ እጅጌ አይራራም፣ አቧራውንም ይለጥፍበታል። ቤት ውስጥ፣ መስኮት ከፍተሽ።

የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ወረፋ ስጠብቅ ሹራብ እሠራለሁ፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ እሱ ግድ የለም። ችግሬ ሌላ ነው። ጀርባው፣ ፊቱ፣ ሁለቱም እጅጌ ተሠርተው አልቀዋል። መግጠሙ አስጠልቶኝ ከፋሲካ ጀምሮ ፌስታል ውስጥ ነው።

ወንድሜ፣ ሸማኔውም ወንድ ነው፣ በእሱ የሳቀ የለም። ይሳቁ።

አንተ ያለህበት ቦታ ብዙ ሰው የሚቆምበት ነው። መሥራቱ እጅን ያዝናናል፤ መግጠሙ ግን ቁጭ ብሎ ማሰብ ይፈልጋል። ብዙዎች ማታ ደክሟቸው በአንድ ቁጭታ ሊጨርሱት ይሞክራሉ፤ ስፌቱ ይንሻፈፍና ሹራቡን ሁሉ ይጠሉታል። ወር ሙሉ የተሠራ ሥራ በአንድ ማታ ጥድፊያ ሲበላሽ ያሳዝናል። ስለዚህ ከፋፍለው፣ ቀን ቀን ሥራው፣ ባጃጅ ላይም አይሁን።

መጀመሪያ አራቱንም ቁራጮች አርጥበህ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በልካቸው ዘርግተህ አድርቃቸው። የሚጠቀለል ጠርዝ ለመስፋት አስቸጋሪ ነው፤ ይህ ግማሹን ራስ ምታት ያነሣልሃል። ፊትና ጀርባው እኩል መርዘማቸውን መደዳ ቆጥረህ አረጋግጥ። በሜትር ብቻ አትመን።

ከዚያ ትከሻውን ግጠም፣ ቀጥሎ እጅጌውን፣ መጨረሻ ላይ ጎኑንና የእጅጌውን ሥር አንድ ላይ። ሁለቱን ቁራጮች ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገህ ጎን ለጎን አስተኛቸው። ጫፉ ደነዝ የሆነ መርፌና ያንኑ የሹራቡን ክር ተጠቀም። ከጠርዙ የመጀመሪያዋና የሁለተኛዋ ቀለበት መሃል የተጋደመች ትንሽ ክር አለች። ከቀኙ ቁራጭ አንዷን አንሣ፣ ከግራው አንዷን፣ እንደገና ከቀኙ። ጥቂት ከሄድክ በኋላ ክሩን ቀስ ብለህ ሳበው፤ ሁለቱ ጠርዞች ይገጥሙና ስፌቱ ይጠፋል። ሲጠፋ ማየት ደስ ይላል፣ ለዚህ ሲባል እንኳ ሞክረው። በጣም ከሳብከው ግን ጎኑ ይሰበሰባል።

የተንጠለጠሉት የክር ጫፎችስ? አትቋጥራቸው። ቋጠሮ ሲታጠብ ወይ ይፈታል ወይ ወደ ፊት ይወጣል። በጀርባ በኩል በመርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥቂት አስኪድና መልሰህ በሌላ አቅጣጫ አሳልፈው። ለዚህ ጫፉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መርዘም አለበት፤ አሳጥረህ ቆርጠህ ከሆነ በኪሮሽ እየሳብክ ደብቀው። ለወደፊቱ አዲስ ጥቅል ስትጀምር መሃል ላይ ሳይሆን ጠርዝ ላይ ጀምር፤ ጫፉ ስፌት ውስጥ ይደበቃል።

ለጓደኛዬ ሠርግ የሠራሁት የአልጋ ልብስ ላይ አንድ አበባ ተገልብጧል። ልንገራት?

አትንገሪያት። ከነገርሻት ከዚያ ሌላ አበባ አይታያትም።

የእህቴ ልጅ ሰባት ወሩ ነው። የሠራሁለት ሹራብ ሁሉ ነገሩ ልክ ነው፣ ራሱ ላይ ግን አልወርድ አለ። አልቅሶ አስለቀሰኝ።

የሕፃን ራስ ከገላው አንፃር ትልቅ ነው፤ የጀማሪ ሹራብ ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሚያዘው። ደግነቱ አንገቱን ብቻ መንካት ይበቃል። የዘጋሽበትን የመጨረሻ መደዳ ከጨረስሽበት ጫፍ ጀምረሽ ፍቺው፤ በቀላሉ ይፈታል። ቀለበቶቹን ያዢና እንደገና ዝጊ፣ አሁን ግን በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ወፍራም መርፌ። እጅ ሲዘጋ ሳያውቀው ያጠብቃል።

ይህም ካልበቃ አንዱን ትከሻ ከአንገቱ ጀምሮ ጥቂት ፍቺው። ጠርዙን በኪሮሽ አንድ ዙር አጠንክሪና ሁለት ቁልፍ አድርጊለት። ሲለብስ ይከፈታል፣ ከለበሰ በኋላ ይቆለፋል። ቁልፎቹን በጠንካራ ክር ደጋግመሽ ስፊያቸው፤ በዚህ ዕድሜ ያገኙት ሁሉ አፍ ውስጥ ነው። በቁልፍ ፈንታ በአንገቱ ዙሪያ ሪባን ወይም ገመድ ላስገባ ብትዪ ግን እንዳታደርጊው፤ ሊያንቀው ይችላል።