ክሩን ልቁረጠው ወይ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሂንዱ አረጋውያንን ከሚያስታምሙ አንባቢዎች ናቸው። አብዛኞቹ አሜሪካ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠሩ ናቸው።

«አዛውንቱ ከግራ ትከሻቸው ወደ ቀኝ ጎናቸው የሚወርድ ክር አላቸው። ገላቸውን ሳጥብ አስቸገረኝ፤ ልቁረጠው?»

ኧረ በስመ አብ! ያንቺን ማተብ አንዷ ተነስታ በመቀስ ብትበጥሰው ዝም ትያለሽ? ጃኔው ይባላል፤ በሥርዓት የሚታሰር ቅዱስ ክር ነው። ገፋ አድርገሽ እጠቢ። ሲያርፉም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አትንኪው።

«ሽኝታቸው ላይ ጥቁር ልልበስ?»

ነጭ። የሐዘናቸው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

«ልጆቻቸው ውሃና ቅጠል አምጥተው አፋቸው ውስጥ ሊጨምሩ ነው። ሰውየው ግን መዋጥ አይችሉም።»

ውሃው ቅዱስ ከሚሉት ከጋንጅስ ወንዝ ነው፤ ቅጠሉ ቱልሲ ይባላል፣ የበሶብላችን ዘመድ ነው። ለሚሞት ሰው የሚሰጥ የመጨረሻ ስንቅ ነውና አትከልክያቸው። ትን እንዳይላቸው ግን ነርሷን ጥሪ። ከንፈርን ማርጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

«የማስታምማቸው እናት በሕመም እየተሰቃዩ ማስታገሻ እንቢ አሉ። ጓደኛዬ ‹ካርማ ነው፣ ተያቸው› አለችኝ።»

ጓደኛሽ መቼ ሊቅ ሆነች? ካርማ የሥራ ፍሬ እንደ ማለት ነው፤ ሕመምን ካለፈ ሥራ ጋር የሚያያይዙ አሉ፣ እውነት ነው። ሌሎች የሚፈሩት ግን መፍዘዝን ነው። ብሃጋቫድ ጊታ በሚባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው ምዕራፍ 8 ላይ፣ አምላካቸው ክሪሽና በመጨረሻዋ ሰዓት እሱን እያሰበ የሚሞት ወደ እሱ እንደሚሄድ ይናገራል። ስለዚህ የአምላክን ስም እየጠሩ፣ ልባቸው እንደነቃ መሄድ ይፈልጋሉ። የኛ ሰው ሳልቆርብ እንዳልሞት ብሎ እንደሚጨነቀው።

ይህም ቢሆን ግምት ነው። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ «ሃይማኖታቸው ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ሰውየው ሲያቃስቱ አደሩ። ጠዋት ስጠይቃቸው የፈሩት መርፌውን ነበር! በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት እያለ።

ስለዚህ ራሳቸውን ጠይቂ። ቋንቋ ካላግባባችሁ አስተርጓሚ ይጠራ፤ ልጅ ሲያስተረጉም የራሱን ፍርሃት ይጨምርበታል። የነገሩሽን ዛሬውኑ ለነርሷና ለሐኪሙ አድርሺ፤ ነገ አይደለም። መጠኑም ዓይነቱም ሊስተካከል ይችላል፣ ግን የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። አንቺም እኔም አይደለንም። ተረድተውም እንቢ ካሉ ምርጫቸው ነው፤ ነገ ደግሞ መልሰሽ ጠይቂ።

«ካፕሱል አልውጥም አሉ።»

የካፕሱሉ ሽፋን የሚሠራበት ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ፋርማሲስቱን ጠይቁት።