ጤነኛው ውሻ ለምን በየቀኑ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምሠራ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እጄን ለማለማመድ የአንድ ጤነኛ የጥበቃ ውሻን የኩላሊት ደም ቅዳ በዶፕለር አልትራሳውንድ ለካሁ። ከፍተኛው ፍጥነት ሰኞ በሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ረቡዕ 90 ሆነ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ በጤነኛ ውሻ መጀመርዎ በጣም አስደስቶኛል፤ አብዛኞቻችን ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን መያዣ) የምናነሣው ውሻው ከታመመ በኋላ ነውና።

ማሽኑን ከመጠርጠርዎ በፊት ማዕዘኑን፣ ማለትም የድምፁ ጨረርና የደሙ ፍሰት የሚፈጥሩትን ማዕዘን፣ ይመልከቱ። ዶፕለር ፍጥነትን በቀጥታ አያይም። ከደም ሴሎች ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ድምፅ የድግግሞሽ ለውጥ ይለካና እርስዎ ባስገቡት ማዕዘን ያሰላል። ስክሪኑ ላይ ያለችው የማዕዘን መስመር ከደም ቅዳው ጋር ትይዩ ካልሆነች ስሌቱ ይሳሳታል። ትክክለኛው ማዕዘን 30 ዲግሪ ሆኖ እርስዎ 35 ቢያስገቡ ፍጥነቱ 6 በመቶ ያህል ይጨምራል። በ60 ዲግሪ ያው የ5 ዲግሪ ስሕተት 18 በመቶ፣ በ75 ዲግሪ ደግሞ 50 በመቶ ገደማ ያሳብጠዋል። ስለዚህ ከ60 ዲግሪ በላይ የተወሰደ ፍጥነት እኔ አልመዘግብም። የኩላሊት ደም ቅዳ ከአዎርታ (ከልብ ከሚወጣው ዋና ደም ቅዳ) ወደ ጎን ስለሚወጣ ከሆዱ መሐል ሲያዩት ማዕዘኑ ወደ 90 ይጠጋል። ፕሮቡን ወደ ውሻው ጎን ይውሰዱት።

ማዕዘኑ እንቢ ካለዎት የመቋቋም መለኪያውን (የደም ቧንቧዎቹ ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚቋቋሙ የሚያሳየውን ቁጥር) ይጠቀሙ፦ ከከፍተኛው ፍጥነት ልብ በምትላላበት መጨረሻ ያለውን ፍጥነት ቀንሰው ለከፍተኛው ያካፍሉ። 60 እና 21 ቢያገኙ 0.65 ይሆናል። በማዕዘን ስሕተት 90 እና 31.5 ቢሆኑም ውጤቱ ያው 0.65 ነው፤ ስሕተቱ ሁለቱንም እኩል ስለሚያዛባ ሲካፈል ይጠፋል። ይህን በኩላሊቱ ውስጥ ባሉት ትናንሽ ደም ቅዳዎች ላይ ይለኩ። በጤነኛ ጎልማሳ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.73 አይበልጥም።

ውሻውንም አይርሱ። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ካመጡት ያለከልካል፤ ኩላሊቱም ከትንፋሹ ጋር ይንቀሳቀሳል። ጠዋት፣ ሳይበላ፣ ባለቤቱ አጠገቡ ሆኖ ይለኩት። የጤነኛ ውሻ የልብ ምት ከትንፋሹ ጋር ስለሚፈጥንና ስለሚዘገይ ከ3 እስከ 5 ምቶች ወስደው አማካዩን ያስሉ። የጥበቃ ውሻ አስቸጋሪ ነው ብለው ዛይላዚን የተባለውን ማደንዘዣ ከወጉት ልቡ ይዘገያል፣ የደም ቧንቧዎቹም ይጠብባሉ፤ ያ ቁጥር መድኃኒት ካልተሰጠው ውሻ ጋር አይነጻጸርም። ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን ማዕዘኑን፣ የልብ ምቱንና የተሰጠውን መድኃኒት ይጻፉ።